ሳትቀባ የታየችው መኪና

ጥር 19 ቀን

ይድረስ ለማላውቅዎት ዘመዴ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ጤናዎ የተሟላ፣ ቤትዎ የሞቀ፣ ይህን ፖስታ የሚከፍተውም እጅ ያልደከመው እንዲሆን እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ።

ባለፈው ሳምንት ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ ሳለሁ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች ያወሩ ነበር። አንደኛዋ፣ «የኛ ልጅ እኮ ቀለም ፋብሪካ ነው ያለችው፤ ስለ ቀለም እሷ የማታውቀው ነገር የለም» አሉ። ዞር ስል አክስትዎ ናቸው። የእኔ አያትና የእርስዎ ቅድመ አያት ወንድማማች መሆናቸውን እዚያው አግዳሚው ላይ ቆጥረን ደረስንበት፤ ስንቆጥር ተራዬ አለፈ። ሌላ ሰው ቢሆን የአክስት ጉራ ነው ብሎ ይተወው ነበር። እኔ ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት ማተሚያ ቤት በአራሚነት ስሠራ የለመድኩት የተጻፈውን እንደተጻፈ ማንበብ ነው፤ የተነገረውንም እንዲሁ። አድራሻዎን ተቀብዬ መጣሁ። ዕድሜዎን መጠየቅ ስለረሳሁ በ«እርስዎ» ጀምሬአለሁ፤ ካጠፋሁ ያርሙኝ።

ጉዳዬ ይህ ነው። ማተሚያ ቤቱ ሲዘጋ ለአገልግሎቴ ምስጋና ይሆን ዘንድ የጋዜጣ ማመላለሻ የነበረችውን ትንሽ መኪና ሰጡኝ። ስጦታዋ ግቢዬ የገባችው በሌላ መኪና ተጎትታ ነው። ዛሬ ሞተሯ ተሠርቶ ትነሳለች፣ ትሄዳለች። የቀረው አካሏ ነው። አራት ዓይነት ቀለም ተደራርቦባት ነበር፤ ከላይ ነጭ፣ ከሥሩ ሰማያዊ፣ ከዚያ ቀይ፣ ከሁሉም በታች ደግሞ ማንም የማያስታውሰው ቡኒ። ከሥሩ ስህተት እንዳለበት የማውቀውን ነገር አልፌ መሄድ ስለማልችል ሁሉንም አስፋቅሁት። አሁን ባዶ ብረት ሆና ቆማለች። ፀሐይ ስታርፍባት ጎረቤት መጋረጃውን ይዘጋል።

ብረቷን የሠሩት የሰፈራችን አዛውንት ባቲላሜራ ናቸው። የተጨራመተ የመኪና አካል በመዶሻ አቃንተው ወደ ቦታው የሚመልሱ ማለቴ ነው። ስቱኮ አይነኩም። ሌላው ጎድጓዳውን በዚያ ሊጥ ሞልቶ፣ ፍቆ፣ «በል ውሰድ» ሲል፣ እሳቸው በመዳፋቸው እየዳሰሱ ብረቱን ራሱን እስኪመለስ ይለማመጡታል። «ስቱኮ የሰነፍ ብረት ነው» ይላሉ። አምስት ወር ፈጀባቸው። ሲጨርሱ የሹፌሩን በር ይዘው ቤታቸው ገቡ።

«በሩስ?» ብዬ ሄድኩ።

«ቀለም አልቀባትም ብለህ ማልልኝ። በሩን እሰቅልልሃለሁ።»

ሃምሳ ዓመት ሙሉ የሠሩት ሥራ ሁሉ በማግስቱ ቀለም እየለበሰ ማንም ሳያየው ቀረ። ይህቺን አንዷን ሰው ይይልኝ ነው የሚሉት።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ ብረቱ እየታየ ዝገት እንዳይነካው በላዩ የሚቀባ፣ ብርጭቆ የመሰለ ነገር አለ ወይ? ሱቀኛው ቬርኒሽ ይለኛል። ቀለም ቀቢው ጎረቤቴ ደግሞ፣ «አንድ እጅ አንቲሩጂን ጣልባትና እርሳት» ይለኛል። ሁለቱም ቅንጣት ሳይጠራጠሩ ነው የሚናገሩት፤ ያስፈራኝም ይኸው ነው። ዝናብ ሊገባ አራት ወር ቀርቶታል። ከእርስዎ የምሻው እውቀት ብቻ ነው፤ ሌላ የምለምነው የለኝም።

የሩቅ ዘመድዎ፣
አራሚው

———

የካቲት 26 ቀን

ይድረስ ለጋሼ አራሚው፣

ሰላምታዬ በያሉበት ያግኝዎት፤ ጉልበትዎንም ይማርልን። መልሴ የዘገየው አክስቴ የሰጡዎት አድራሻ የመሥሪያ ቤቴ ስለሆነ ነው። ደብዳቤዎ ከሌሎች ደብዳቤዎች ጋር ተቀላቅሎ ተራ ሲጠብቅ ከረመ። እኔ ታናሽ ነኝና እባክዎ «አንቺ» ይበሉኝ።

አክስቴ ካሉት ግማሹ እውነት ነው። ቀለም ፋብሪካ ውስጥ ነኝ። ቀለም ግን አልሠራም። የቅሬታ ክፍል ነኝ። ቀለሙ የተላጠበት፣ ያበጠበት፣ የተሰነጠቀበት ሰው ሁሉ የሚጽፈው ለእኔ ነው፤ አሥራ አንድ ዓመት አንብቤአለሁ። ቀለሙ የያዘለት ሰው ደብዳቤ አይጽፍም። ስለዚህ ቀለም የሚይዝ ነገር መሆኑን የማውቀው በወሬ ነው። ከዘመድ የሚመጣልኝም ደብዳቤ ከዚህ ብዙ አይለይም፤ ሰው የሚያስታውሰኝ አንድ ነገር ሲጎድለው ነው። የእርስዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት፤ ልመናው የተጻፈበትን መስመር ፍለጋ።

የማውቀውን ልንገርዎት። ባዶ ብረት ላይ ቬርኒሽ ብቻ የቀቡ ሰዎች ለብቻቸው አንድ መሳቢያ አላቸው። ሁሉም ሲጀምሩ፣ «መጀመሪያ በጣም ያምር ነበር» ብለው ነው። ከዚያ አንድ ቀን ከአንዲት ጭረት ክር የመሰለ ነገር ይነሳል። ትል በቅጠል ውስጥ እንደሚሄድ፣ ከቬርኒሹ ሥር እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ዝገት ነው። ያዩታል እንጂ እጅዎ አይደርስበትም። ፎቶ ይልካሉ። አንዳንዱ ፎቶ በእውነት ያምራል፤ ይህን ለአለቃዬ ነግሬው አላውቅም።

የጎረቤትዎም አንቲሩጂን የራሱ መሳቢያ አለው። ያ ተራው፣ ከጣሳው እንደወጣ የሚቀባው፣ ስሙ ዝገት ከልካይ ይሁን እንጂ ብቻውን ሲተው ውሃ ይጠጣል። የተሠራው ቀለም እስኪደረብበት ለጥቂት ቀን ነው። ሰው ግን ጥሎበት ይረሳዋል፤ ጎረቤትዎ እንደመከሩት።

እኔንም ቢሆን አይመኑኝ፤ ይሞክሩት። ከመኪናዋ ጋር አንድ ዓይነት የሆነ ብረት ሦስት ቁራጭ ይፈልጉ። አንዱን ቬርኒሽ፣ አንዱን አንቲሩጂን፣ አንዱን ደግሞ ኢፖክሲ ይቀቡት፤ በሁለት ጣሳ የሚሸጠውን፣ ሲቀላቀል ድንጋይ የሚሆነውን። ሲደርቅ እያንዳንዱን በሚስማር ይጫሩና በየማለዳው የጨው ውሃ እያርከፈከፉ ደጅ ይተዉት። እዚህ ለዚህ ሥራ የቆመ፣ አንድ ክፍል የሚያህል ማሽን አለ። የሚናገረው ጨውና ሚስማር ከሚናገሩት የተለየ አይደለም፤ ቶሎ ይናገራል እንጂ።

ደግሞ ጥያቄ አለኝ፤ የሥራ አመል ነውና ይቅር ይበሉኝ። ሌሊት ጤዛ አለ? ብረቱን ስንት ሰው ነካው? አዛውንቱ ሲዳስሱ በባዶ እጃቸው ነው?

ታናሽዎ፣
የቅሬታዋ

———

መጋቢት 18 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለቅሬታዋ፣

ጤና ይስጥሽ፣ መሳቢያሽም ይቅለልልሽ። ከእንግዲህ «አንቺ» ነሽ።

ጤዛ አለ። ስንት ሰው ነካው ላልሽው ቁጥሩን አልያዝኩትም፤ ብረቱ ግን ይዞታል። ባዶ ብረት ያየ ሰው ሳይነካ አያልፍም። በሦስተኛው ቀን የጎረቤቴ አምስት ጣት ኮፈኑ ላይ ቡኒ ሆኖ ወጣ፤ አውራ ጣቱ ላይ ያለችው ጠባሳ ሳትቀር። ከጎማው በላይ፣ ፓራፋንጎው ላይ ያለው አሻራ የፖስተኛው ነው። እሱ ግን አልነካሁም ብሎ ይምላል፤ ደብዳቤሽን የሚያመጣልኝ እሱ ስለሆነ አምኜዋለሁ። የባቲላሜራው መዳፍ ብቻ ምንም አይተውም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ ላብ የቀራቸው አይመስለኝም።

ደብዳቤሽን አነበብኩላቸው። ትሉ ላይ ስደርስ አስቆሙኝ።

«ምን አለች?»

«ዝገቱ እንደ ትል ነው የሚሄደው አለች።»

«በእኔ ብረት ላይ?»

«በማንም ብረት ላይ፣ ጋሼ።»

«እና እሷ አይታዋለች?»

«ያማረሩ ሰዎች ይጽፉላታል።»

«ኤድያ! አማራሪ መች ጠፍቶ። እኔንም በሃምሳ ዓመት ሁለት ሰው አማርሮብኛል። የአንደኛው እንዲያውም መኪናዋ የእሱ አልነበረችም።»

የሙከራውን ነገርም ነገርኳቸው። ማታውኑ ሦስት ቁራጭ ብረት ይዘው መጡ። መዳፍ መዳፍ የሚያህሉ፣ ጠርዛቸው በሞረድ የለሰለሰ፣ አንዱ ከአንዱ በፀጉር የማይበላለጥ።

«ለጨው ውሃ ይህን ያህል ምን አደከመዎት?» አልኳቸው።

«ፈተና ነው ብለህ ተማሪውን ራቁቱን ትሰደዋለህ?» አሉኝ።

ሱቀኛው ከኢፖክሲው ጥቂት በግምት በጥብጦ ሰጠንና ሦስቱንም ቀባን። ዛሬ ጣሪያ ላይ ከወጡ ሦስተኛ ቀናቸው ነው። ጨው ውሃውን እኔ ላርከፍክፍ ብል፣ «አንተ ነጥብ ለቃሚ፣ ለቬርኒሹ ታበዛበታለህ» ብለው ጣሳውን ነጠቁኝ። በየማለዳው ከእኔ ቀድመው ይደርሳሉ። መሰላሉን የምይዝላቸው እኔ ነኝ።

ሌላ የምለምነው የለኝም ብዬ ነበር። አሁን አንድ አለኝ። የኢፖክሲው ጣሳ ላይ ያለውን የውጭ ቋንቋ ጽሑፍ ፊደሉን ብለይም ትርጉሙን እዚህ የሚነግረኝ ጠፋ። እንዳለ ገልብጬ ልኬልሻለሁ፤ የፊደል ስህተቱ የፋብሪካው ነው እንጂ የእኔ አይደለም። ተርጉመሽ ላኪልኝ።

ወንድምሽ፣
አራሚው

———

ሚያዝያ 2 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

እንደምን ከረማችሁ፣ እርስዎም፣ ባለ መዳፉም፣ ሦስቱ ብረቶችም?

ጽሑፉን ለብቻው ተርጉሜ አያይዤዋለሁ። ስላልገባኝ መስመር ለመጠየቅ ቤተ ሙከራ ገባሁ። አሥራ አንድ ዓመት ከበሩ ፊት ለፊት ስሠራ ገብቼበት አላውቅም ነበር። ኬሚስቱ ወረቀቱን አይቶ፣ «ማነው ይህን በእጁ የገለበጠው?» አለኝ። ዘመዴ ነው አልኩት። «ጣሳው ላይ ያለውን ስህተት አርሞታል» አለኝ። ጋሼ፣ እንዳለ ገለበጥኩት ብለውኝ ነበር።

ዋናውን ልድገመው። አራት እጅ ከትልቁ ጣሳ፣ አንድ እጅ ከትንሹ፤ በመስፈሪያ እንጂ በዓይን አይደለም። ማጠንከሪያውን ያበዛ ሰው ቶሎ የሚደርቅለት ይመስለዋል፤ የሚሆነው ግን ለስላሳ ሆኖ መቅረት ነው። ከበጠበጡ በኋላ ግማሽ ሰዓት ይታገሡት። ጤዛው ከብረቱ ላይ ሳይለቅ እንዳይነኩት። በመርጫ የሚቀባ ሰው አፍንጫው ላይ ጨርቅ ማሰር አይበቃውም፤ ማጣሪያ ያለው ጭንብል ያስፈልገዋል። ይህን ያልሰሙት ሰዎች ደብዳቤያቸው ወደ እኔ ሳይሆን ወደ ሕግ ክፍል ነው የሚሄደው።

ኬሚስቱ የሙከራውን ነገር ሲሰማ ምሳውን ይዞ እኛ ጠረጴዛ መጣ። አሁን ምሳ ሰዓት ላይ የእናንተ ጣሪያ ነው የሚወራው። የቬርኒሹ ክር በስንተኛው ቀን እንደሚታይ ግምት ይዘናል። ኬሚስቱ ሃያ አምስት ብሏል። የጥበቃው ሰውዬ ጭራሽ አይታይም ብሏል፤ ባቲላሜራውን ወዶአቸው ነው። እኔ ሃያ ብያለሁ። አለቃዬ ሰዓት ይመለከታል እንጂ አይናገርም። እባክዎ ቀኑን በትክክል ይጻፉልኝ።

ታናሽዎ፣
የቅሬታዋ

———

ሚያዝያ 20 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ሃያ አንድ። በአንዲት ቀን ብትሸነፊም ከኬሚስቱ ትቀርቢያለሽ።

በሃያ አንደኛው ማለዳ ባቲላሜራው ጣሪያው ላይ ተንበርክከው ቆዩ። ኋላ ቬርኒሹን ይዘው ወረዱና የማረሚያ ማጉያ መነጽሬን ጠየቁኝ። ከጭረቱ ሦስት ክር ወጥቷል፤ የአንዱ ርዝመት ግማሽ ጥፍር ያህላል።

«አየኸው?» አሉኝ። «ቀጥ ብሎ አይሄድም። እዚህ ጋ ተመልሷል። ለምን ይሆን የተመለሰው?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ጠይቃትማ።»

እነሆ ጠየቅሁሽ። አንቲሩጂኑ ደግሞ በጭረቱ ብቻ ሳይሆን መሀሉም ቡና ጠብ ያለበት መስሏል። ኢፖክሲው ጭረቱ ላይ ብቻ ቀላ ብሎ ከዚያ አላለፈም። እንግዲህ ሰውዬው ተረቱ ብዬ ስለ በሩ አነሳሁ፤ እሳቸው ግን መልሰው ጠየቁኝ።

«መኪናዋን በልቶ እስኪጨርስ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?»

«መልኳን እስኪያበላሽ ሁለት ዓመት ቢሆን ነው፣ ጋሼ።»

«ሁለት ዓመት ከታየች ይበቃኛል። ከዚያ ይብላት» ብለው ሄዱ። በሩ አሁንም እሳቸው ቤት ነው፤ ግድግዳ ተደግፎ አየሁት፣ ከጎኑ ወንበር አለ።

እኔ ታዲያ አላስችል ብሎኝ ሳልነግራቸው አንድ ነገር አደረግሁ። የኋላ ኮፈኑ ለብቻው ወልቆ ስለነበር ጎረቤቴን ኢፖክሲ አስቀባሁት። በልኩ በጥብጠን፣ ጠብቀን፣ ሁሉንም እንዳልሽው። ገና እርጥብ ሳለ ቀለሙ በየቦታው እየተሰበሰበ ሸሸ። ብረቱ ክብ ክብ ሆኖ ወጣ። ክቡ ደግሞ ዝም ብሎ አልተበተነም፤ ቀስ በቀስ ተያያዘና ጽሑፍ ሆነ። የእኔ ጽሑፍ።

እዚህ ላይ መናዘዝ አለብኝ። ባቲላሜራው ሲሠሩ ጉድለቱን የማሳያቸው ብረቱ ላይ በሰም እርሳስ ምልክት እያደረግሁ ነበር። የአራሚ ምልክት ነው፦ «ይውጣ»፣ «ይግባ»፣ «ይስተካከል»። መጀመሪያ ተቆጡ፤ ኋላ ለመዱትና እሳቸውም በመልስ «ይቅር» ብለው መጻፍ ጀመሩ። ሥራው ሲያልቅ በጨርቅ አብሰነው ጠፍቶ ነበር። አሁን ኮፈኑ ላይ «ይስተካከል» የሚል ከነክቡ ወጥቶ ይነበባል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

ደመና መምጣት ጀምሯል። ብረቷ በየሌሊቱ ጤዛ እየጠጣች በየጠዋቱ እያደረቅሁ ነው። ፍጠኝልኝ።

አራሚው

———

ሚያዝያ 29 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

ሰላምታውን በሆዴ ይዤዋለሁ፤ ይህ በፈጣን ፖስታ ነው የሚሄደው።

በአሥራ አንድ ዓመት ያሳቀኝ የመጀመሪያው ቅሬታ የእርስዎ ነው። ቀለሙ ጥፋት የለበትም፤ ሰም ፈርቶ ነው። ዓሣ ዓይን እንለዋለን። ጨርቅ ሰምን አያጠፋም፤ ያስተኛዋል እንጂ። ኮፈኑን ፍቃችሁ እንደገና ጀምሩ። መኪናዋንም በሙሉ በሁለት ጨርቅ ጥረጉ፦ አንዱ በማጽጃ ፈሳሽ የራሰ፣ ሁለተኛው ደረቅ። የራሰው ያሟሟዋል፤ ደረቁ ፈሳሹ ሳይተን ተከትሎ ያነሣዋል። በአንድ ጨርቅ የጠረገ ሰው ሰሙን ከበር ወደ ጣሪያ አዛወረው ማለት ነው። ጨርቁን ቶሎ ቶሎ ይለውጡ። ከዚያ በኋላ ማንም በባዶ እጁ አይንካት፤ ፖስተኛውም።

ክሩ ለምን እንደሚመለስ ኬሚስቱን ጠየቅሁት። ሁለት ክር ሲገናኙ አንዱ ሌላውን አይቆርጠውም፣ ይመለሳል አለኝ። ለምን ስለው ገና በውል አይታወቅም አለ። ይህን ለባለ መዳፉ ይንገሩልኝ፤ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነው።

አሁን ስለ በሩ። መሳቢያዬ ውስጥ ባዶ ብረት በቬርኒሽ ሸፍነው የጻፉ ሁለት መቶ የሚሆኑ ሰዎች አሉ። ትናንት እንደገና አየኋቸው። ብረቱን ማን እንዳቃናው የጻፈ አንድ አላገኘሁም። የሚጽፉት ስለ ክሩ ነው። ይህቺም ሁለት ዓመት ብትቆም ሰው የሚያስታውሰው ክሩን ነው የሚሆነው። ስለዚህ አንድ ቀን ብቻ፣ ጨርሳ ጸድታ፣ ምንም ሳይቀባባት ግቢው መሀል ትቁም፤ ሰው ይጠራ፤ እሳቸውም አጠገቧ ይቀመጡ። ሲመሽ ይወስኑ። እምቢ ካሉ እንግዲህ ሥራው የእሳቸው ነውና እንዳሉት ይሁን።

አንድ ነገር ልለምንዎት። ቢሳካላችሁ ይጻፉልኝ። ቀለሙ ቢይዝም ማለቴ ነው።

የቅሬታዋ

———

ሰኔ 3 ቀን

ይድረስ ለእህቴ ለቅሬታዋ፣

ስምሽ ከዛሬ ጀምሮ የማይገባሽ መስሎኛል፤ እስክትለውጪው ግን በእሱ እጠራሻለሁ። በያለሽበት ደህና ሁኚልኝ።

ቀለሙ ያዘ።

ከሥሩ ልጀምር። ሐሳብሽን ስነግራቸው ሁለት ቀን አሰቡበት። በሦስተኛው መጡና፣ «ስለ በሩ ቃል አልገባሁም» አሉ። «ለአንድ ቀን ግን ትቁም።» የክሩንም ነገር ነገርኳቸው። «ሳይንስ ያላወቀውን እኔ ስላላወቅሁ አላፍርም» ብለው እውነትም ደስ አላቸው።

አራት ሰው ሆነን ሁለት ቀን ጠረግን። ጨርቅ ሲያልቅብን የድሮ ሸሚዞቼን ቀደድን። እሳቸው ጓንት አላጠልቅም ብለው ነበር፤ ኋላ የቀለም ቀቢው ሚስት፣ «ጋሼ፣ ሙሽራ በባዶ እጅ አይነካም» ስትላቸው አጠለቁ። የጎደለው በር ቦታ ክፍት እንዳይታይ ያንን ጎን ወደ ግድግዳው አዞርናት። በዙሪያዋ ገመድ አሰርን። ጎረቤቶቼን፣ የድሮ ማተሚያ ቤት ባልደረቦቼን፣ ጋራዥ ያለውንም የሌለውንም ጠራሁ።

እሑድ ጠዋት እሳቸው ኮት ለብሰው፣ ጢማቸውን ተላጭተው መጡ። ከዚያ በፊት ኮት ያላቸው አይመስለኝም ነበር። ወንበር አወጣሁላቸው፤ ከመኪናዋ ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኗ አስቀመጡት፣ ብርሃኑ ሲያርፍባት ለሚያይ ሰው እንዳይጋርዱ። መኪናዋን እንዴት ልንገርሽ? ደመናው በኮፈኑ ላይ ሲያልፍ የሚሰበርበት ቦታ አልነበረም። ከጎረቤቴ ቆርቆሮ አጥር እስከ እኔ መስኮት ያለው ሁሉ በሌላኛው በር ላይ ተኝቶ፣ ሳይጣመም፣ ሳይንቀጠቀጥ ይታያል። እኔ ጉድለት ፈልጎ የሚኖር ሰው ነኝ። አንዲት ነጥብ አላገኘሁባትም።

ሰው ሲመጣ ዋለ። ሲመሽ እሳቸው ተነሥተው ኮታቸውን አራገፉ፣ ወንበሩን አጠፉ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ። አለቀልኝ፣ በሩ ቀረ ብዬ አደርኩ።

በማግስቱ ማለዳ በሩን በእጅ ጋሪ እየገፉ መጡ። ሰቀሉት። ከፍተው ዘጉት፤ ማጠፊያውን አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ አስተካከሉ። አራተኛ ሲዘጋ መጽሐፍ እንደመዝጋት ነበር ድምፁ።

«ቀቧት» አሉ። «ቶሎ።»

«ጋሼ፣ እርግጠኛ ነዎት?»

«አንተ ሰውዬ መቼ ነው አንድ ጊዜ የሰማኸውን የምታምነው?»

ጎረቤቴ በጭንብሉ ውስጥ እያጉረመረመ ሁለት እጅ ኢፖክሲ ረጫት። ዓሣ ዓይን የለም። ጽሑፍ የለም። አመድማ፣ ደባሪ፣ ሰላማዊ። በአራተኛው ቀን ዝናቡ በአንድ ጊዜ ወረደ። መስኮት ላይ ሆኜ አየሁት፤ ውሃው ኮፈኑ ላይ ዶቃ ዶቃ እየሆነ ይንከባለላል። በላዩ የሚሆነውን ቀለም የመረጡት እሳቸው ናቸው፦ ጥቁር አረንጓዴ። ሲደርቅ ኢፖክሲውን በውሃ በተነከረ ብርጭቆ ወረቀት ቀለል አድርገን አሽተን ደረብነው። አሁን ማንም ዞሮ የማያያት መልከ መልካም መኪና ሆናለች።

ላደረግሽው ሁሉ ቃል የለኝም። ቃል ሳጣ ደግሞ ይህ የመጀመሪያዬ ነው።

ወንድምሽ፣
አራሚው

———

ሰኔ 22 ቀን

ይድረስ ለጋሼ፣

እንኳን ዝናቡ አላሸነፋችሁ።

ደብዳቤዎን ምሳ ሰዓት ላይ ጮክ ብዬ አነበብኩት። «ቀለሙ ያዘ» የሚለው ላይ የጥበቃው ሰውዬ አጨበጨበ። ኬሚስቱ የዝናቡን ዶቃ እንደገና አስነበበኝ። ከዚያ ጠረጴዛዬ ተመልሼ እንደ ማንኛውም ደብዳቤ ልመዘግበው ስል ተቸገርኩ። መዝገቡ ላይ «የቅሬታው ዓይነት» የሚል ዓምድ አለ፤ ሳይሞላ ቁጥር አይሰጥም። ብዙ አሰብኩና «የለም» ብዬ ሞላሁት። አለቃዬ መጥቶ፣ «ይኼ ምንድነው?» አለኝ። ዘመዴ ነው አልኩት። «ለብቻው አስቀምጪው» ብሎ ሄደ። መሳቢያ ከፍቼለታለሁ። አንድ ወረቀት ብቻ ያለበት መሳቢያ ሲከፈት እንዴት እንደሚቀል አላውቅም ነበር።

ለእናቴም ደወልኩላት። ያለ ምክንያት መሆኑን ስነግራት ለትንሽ ጊዜ አላመነችኝም።

አንድ ነገር ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለኝ። እኔ የጠበቅሁት ባለ መዳፉ አንድ ቀን ካዩት በኋላ ሌላ ቀን፣ ከዚያም ሌላ ይጨመርልኝ ይላሉ ብዬ ነበር። ሰው ሥራው ሲታይለት የሚጠግብ አይመስለኝም። ሃምሳ ዓመት የጠበቁ ሰው በአንድ ሌሊት «ቀቧት፣ ቶሎ» ያሰኛቸው ምንድነው? ዝገቱን ፈርተው ነው? እርስዎ ሁሉን ነገር ጽፈዋል፣ ሸሚዝ መቅደዳችሁን ሳይቀር፤ የመጡት ሰዎች ያሉትን ግን አንዲት ቃል አልጻፉም። ምን አሉ?

ታናሽዎ፣
አሁንም የቅሬታዋ

———

ሐምሌ 11 ቀን

ይድረስ ለእህቴ፣

ጤና ይብዛልሽ፤ ለእናትሽም ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ባቲላሜራው ደህና ናቸው። የመኪናዋን ቁልፍ ሰጥቻቸው ወደ ገበያ ይነዷታል፤ ሲመለሱ ያጥቧታል። ስለዚያ እሑድ ተነጋግረን አናውቅም፤ እኔም ሳልጽፍልሽ የቀረሁት ለዚህ ነው። ከጠየቅሽኝ ግን አልዋሽሽም።

ዝገቱን ፈርተው አይደለም።

የሚመጣውን ሰው በማስታወሻ ደብተር እየያዝኩ ነበር፤ እሳቸውም ከጎኔ ሆነው ሁሉንም ሰምተዋል። ሠላሳ አንድ ሰው መጣ። አምስቱ ዞር ዞር ብለው አይተው ሳይናገሩ ሄዱ። ሃያ ስድስቱ ብርማ ቀለሟ እንዴት እንደሚያምር ነገሩንና የቀለም ቀቢውን አድራሻ ጠየቁን።

አራሚው